የአሰልጣኝ ታሪክ እንዴት ይሰበሰባል? ከይድነቃቸው ተሰማ እስከ ሰፈራችሁ ጋሼ

ነገሩ የጀመረው ቡሄ ዕለት ነው። እኔ እዚህ ጎንደር አንዲት ትንሽዬ የታዳጊ ፕሮጀክት አሰለጥናለሁ፣ ትንሽዬ ስል የምር ትንሽዬ፣ ስድስት ኳስ (ሁለቱ ንፋስ አይዙም)፣ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ኮን፣ ሃያ ምናምን ልጅ። የዛን ቀን ልጆቹ ማታ ሆያ ሆዬ ሲሉ አምሽተው ጠዋት ልምምድ ላይ ግማሹ ቆሞ ያንቀላፋል፣ እና እንዲነቁ ብዬ "ዛሬ እኮ ነሐሴ 13 ነው፣ ይድነቃቸው ተሰማ ያረፈበት ቀን" አልኳቸው። ዝም። ከዛ አንዱ "ኮች፣ ለፋሲል ነው ይጫወት የነበረው?" አይለኝም!

መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ሰውየው የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጨዋች፣ ኋላም የአፍሪካን ዋንጫ ያመጣልን አሰልጣኝና የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ፕሬዝዳንት ነዋ፣ በኋላ ግን ከነከነኝ። በዚህ ልጅ ልፈርድ አልችልም፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ሰውየው ላስረዳቸው ብዬ ቀኑን አበላሸሁት። "በ1962 የአፍሪካ ዋንጫን በልተናል" አልኳቸው በኩራት። ከሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ሁሌ ሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ጋሼ ነው ምንላቸው፣ ከዘራቸውን አነሱና "በ62ማ እኔ ጢሜን እላጭ ነበር፣ ዋንጫውማ ሚካኤል በገባ ማግስት ነው፣ ያኔ ገና ህፃን ነኝ" አሉኝ። ቤት ገብቼ ሳሰላው ልክ ናቸው። ፍፃሜው በፈረንጅ ጃንዋሪ 21 ቀን 1962 ነው፣ በእኛ ጥር 13 ቀን 1954፣ እሁድ። ጥምቀት ጥር 11፣ ሚካኤል ሚገባው 12፣ ጨዋታው 13። እኔ ከኢንተርኔት የገለበጥኩትን ሰውየው በታቦት ቆጥረው አረሙኝ።

ከዛ ወዲህ እኔና ልጆቹ ሁለት ስራ ሰራን፣ መጀመሪያ የይድነቃቸውን ታሪክ ሰብስበን እንደ መለማመጃ ፃፍን፣ ቀጥለን በዛው ዘዴ የጋሼን ታሪክ ያዝን፣ ምክንያቱም ኋላ ላይ እንደሰማነው ጋሼ ራሳቸው በደርግ ጊዜ የሰፈራችንን ልጆች ለዓመታት ያሰለጠኑ ሰው ናቸው እና አንድ ገፅ የፃፈላቸው የለም። እናንተም ሰፈራችሁ እንዲህ አይነት ሰው አይጠፋም፣ አዘዞም በሉ ማራኪም በሉ ሳሙና በርም፣ እንዴት እንደሚሰራ እኔ የተሳሳትኩትን ጭምር እነግራችኋለሁ።

ለምን ከይድነቃቸው ትጀምራላችሁ

ቶሎ ወደ ሰፈራችሁ አሰልጣኝ አትሩጡ። መጀመሪያ መረጃው ባለበት ሰው ላይ ተለማመዱ፣ ስትሳሳቱ መሳሳታችሁን ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ይድነቃቸው ደግሞ ለዚህ ተብሎ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል፣ ህይወቱ ውስጥ አንድ ታሪክ ፀሐፊን ሚያደናቅፍ ነገር ሁሉ አለ።

የልደቱን ቀን እዩት። ሴፕቴምበር 11 ቀን 1921 ጅማ ተወለደ ይላል። ወደ እኛ ስትመልሱት መስከረም 1 ቀን 1914፣ ማለትም እንቁጣጣሽ። የሞተው ኦገስት 19 ቀን 1987፣ ነሐሴ 13 ቀን 1979፣ ቡሄ። 66 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር እንኳን አልቀረውም። በእንቁጣጣሽ ተወልዶ በቡሄ ያረፈ ሰው ነው እንግዲህ፣ እና ይሄንን ፌስቡክ ላይ "የአፍሪካ እግር ኳስ አባት" እያለ ፎቶውን ሚለጥፈው ሁሉ ሲያነሳው አላየሁም፣ ምክንያቱም ሁሉም የፈረንጁን ቀን እንዳለ ነው ሚገለብጠው። ለልጅ "ኦገስት 19" ብትሉት በዚህ ጆሮው ገብቶ በዛኛው ይወጣል፣ "ቡሄ ዕለት" ስትሉት ግን በየዓመቱ ጅራፍ ሲጮህ ይታወሰዋል።

አባቱ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፣ ባለቅኔውና ባለ ማሲንቆው፣ ከመቶ ዓመት በፊት ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረፁት። ጎንደር ላይ ለሚያድግ ልጅ ይሄን መንገር ደስ ይላል፣ ማሲንቆ እኛ ሰፈር እንግዳ አይደለማ። ግን ተጠንቀቁ፣ ስለ አባት አምስት ገፅ ፅፋችሁ ልጁ ጋ ስትደርሱ ወረቀት እንዳያልቅባችሁ፣ የእኛ የመጀመሪያው ረቂቅ እንደዛ ሆኖ ነበር።

ቀን አቆጣጠሩን ካላስተካከላችሁ የቀረውን አትንኩት

ዘዴው ቀላል ነው። የፈረንጁ ቀን ከጃንዋሪ 1 እስከ ሴፕቴምበር 10 ከሆነ 8 ቀንሱ፣ ከሴፕቴምበር 11 እስከ ዲሴምበር 31 ከሆነ 7 ቀንሱ (የእኛ ዓመት በስድስተኛ ጳጉሜ ሲያልቅ እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፣ እሷን አንድ ቀን አትርሷት)። በቃ። ወሩን ካላወቃችሁ ግን አትገምቱ፣ "በፈረንጅ" ብላችሁ እንዳለ ተዉት። እኛ ለምሳሌ ይድነቃቸው የካፍ ፕሬዝዳንት የነበረበትን ዘመን ከ1972 እስከ 1987 በፈረንጅ ብለን ነው ያስቀመጥነው፣ የሞተበት ቀን ስላለን መጨረሻውን ወደ 1979 መለስን፣ መጀመሪያውን ግን ወሩን ስላልያዝን አልነካነውም። አንዱ ልጅ "ያምራል እኮ ሁለቱም ቢሆን" ብሎኝ ነበር፣ ማማሩን ተወው አልኩት።

ትልልቅ ሰዎች ግን ዓመተ ምህረት አይነግሯችሁም። "ዘመነ ማርቆስ ነበር" ይሏችኋል። ይሄ ሚያስደነግጥ አይደለም፣ እንዲያውም ወርቅ ነው። የእኛን ዓመት ለ4 አካፍሉ፣ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። 1954ን ለ4 ስታካፍሉት 2 ይተርፋል፣ ማርቆስ። ስለዚህ ሰውየው "ማርቆስ" ብለው "ጃንሆይ እያሉ" ካሉ እና ልጃቸው የተወለደበትን ካወቃችሁ በአራት አራት ዓመት እየዘለላችሁ ትክክለኛዋን ዓመት ታገኟታላችሁ። ሌላው መያዣ በዓል ነው፣ ጎንደር ላይ ሰው ጥምቀትን ከምንም በላይ ያስታውሳል፣ "ጥምቀት ሳይደርስ ነው ወይስ ካለፈ በኋላ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ "በስንት ዓመተ ምህረት?" ብላችሁ ስትጠይቁ ግንባራቸውን ከሚያኩት ሰውዬ ቶሎ መልስ ይመጣል። ከዛ ደግሞ መንግስት አለ፣ በጃንሆይ፣ አብዮቱ ሲፈነዳ፣ በ77 ድርቅ፣ ኢህአዴግ ሲገባ።

ሰውየው ስንት ሰው ነበር?

ይድነቃቸው ላይ ትልቁ ስህተት ሚሰራው እዚህ ጋ ነው። ተጨዋች ነበር፣ አሰልጣኝ ነበር፣ የፌዴሬሽን ሰው ነበር፣ የአህጉር መሪ ነበር፣ ከ1971 በፈረንጅ ጀምሮ ደግሞ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል። ሰው ሁሉንም አንድ ላይ ያቦካና ማን ምን መቼ እንደሰራ አይለይም። ስለዚህ ደብተራችሁን በሶስት አምድ ክፈሉት፣ ሜዳ ውስጥ፣ ሜዳ ዳር፣ ቢሮ።

ሜዳ ውስጥ፦ ቅዱስ ጊዮርጊስ። 23 ዓመት እንደተጫወተ፣ በ365 ጨዋታ 318 ጎል እንዳገባ ይጠቀሳል። እንዲህ አይነት ድፍን ያለ ቁጥር ስታገኙ "ይጠቀሳል" በሏት፣ ዛሬ ላይ ሆናችሁ አንድ በአንድ ልትቆጥሩት አትችሉማ፣ በዛ ላይ የጣሊያን ወረራ ያለበት ዘመን ነው፣ ክለቡ ራሱ በወረራው ጊዜ ስሙን በግድ ተቀይሮ ነበር። የሰፈራችሁ ጋሼም "ሁለት መቶ ጎል አግብቻለሁ" ይሏችኋል፣ አትከራከሩ፣ "እንደሚሉት" ብላችሁ ፃፉ።

ሜዳ ዳር፦ የ1954ቱ ዋንጫ። እሱ ጋ እንመለሳለን።

ቢሮ፦ ይሄ አምድ በጣም ይረዝማል እና ለልጅ ሚከብደውም እሱ ነው፣ ስለዚህ እኔ ሁለት ነገር ብቻ ነው ያወጣሁት። አንደኛው፣ ካፍ ሲመሰረት በ1949 ካርቱም ላይ ከመስራቾቹ አንዱ ነው። ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያ፣ ደቡብ አፍሪካ ነበሩ፣ ደቡብ አፍሪካ ግን ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ እንጂ የተቀላቀለ ቡድን አልልክም አለች፣ ከውድድሩ ወጣች። ያ አቋም ከይድነቃቸው ጋር እስከ መጨረሻው ሄዷል፣ ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ሙሉ በሙሉ ሲያባርራት በ1976 በፈረንጅ ሞንትሪያል ላይ የካፍ ፕሬዝዳንቱ እሱ ነበር። ሁለተኛው የ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ነው (ይሄም በፈረንጅ)። ያኔ አፍሪካ የራሷ ቦታ አልነበራትም፣ የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያና ከኦሽንያ አሸናፊ ጋር ተጋጥሞ ነበር ማለፍ ሚችለው። የጋናው ኦሄኔ ጃንና ይድነቃቸው ግንባር ቀደም ሆነው የአፍሪካ ሀገሮች እንቢ አንገባም አሉ። በሚቀጥለው ዋንጫ፣ በ1970፣ ለአፍሪካ አንድ ቦታ ተሰጣት፣ ሞሮኮ ሄደች። ለልጆቹ ይሄን እንዴት እንዳስረዳኋቸው ልንገራችሁ፣ "የአዘዞ ቡድን፣ የማራኪ ቡድን፣ የፒያሳ ቡድን፣ ሁላችሁም ተጋጥማችሁ አሸናፊያችሁ ደግሞ ከሌላ ክፍለ ሀገር ከመጣ ቡድን ጋር ተጫውቶ ካሸነፈ ነው ዋንጫ ሚገባው፣ ሌላው ግን ዝም ብሎ አስር ቡድን ያስገባል ብትባሉ ትጫወታላችሁ?" "ኧረ አንጫወትም!" በቃ ገባቸው።

የእኛ ጋሼም ሶስት አምድ ሞልተዋል። ሜዳ ውስጥ የቀኝ ተከላካይ፣ ሜዳ ዳር አሰልጣኝ፣ ቢሮ ደግሞ ባይኖራቸውም ሜዳው ላይ ቤት እንዳይሰራ ቀበሌ ለቀበሌ የተንከራተቱት እሳቸው ናቸው፣ ይሄን ሶስተኛውን እኛ ባንጠይቅ ኖሮ ራሳቸው አያነሱትም ነበር።

የ54ቱን ፍፃሜ ሜዳ ላይ አሳዩ

ይሄ ለልጆች ነው፣ ግን ከሁሉም በላይ የሰራልኝ እሱ ነው። ታሪክን ተቀምጦ መስማት ሚችል የ12 ዓመት ልጅ የለም።

መጀመሪያ ቂሙን ንገሯቸው። በ1949 ካርቱም፣ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ፍፃሜ፣ ግብፅ 4 ኢትዮጵያ 0፣ አራቱንም አንድ ሰው ነው ያገባው፣ አድ ዲባ ሚባል። በ1951 ካይሮ፣ እንደገና 4 ለ 0፣ ሶስቱን ማህሙድ ኤል ጎሃሪ። ስምንት ጎል ገብቶብን አንድም አላገባንም። ከዛ ሶስተኛው ዋንጫ አዲስ አበባ መጣ፣ አሰልጣኙ ይድነቃቸው፣ በግማሽ ፍፃሜው ጥር 6 ቱኒዚያን 4 ለ 2 ረታን፣ ፍፃሜው ላይ ማን ቢጠብቀን ጥሩ ነው? ራሷ ግብፅ፣ ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ነበር ስሟ።

አሁን ልጆቹን ሜዳ አስገቡ። 120ውን ደቂቃ ለ5 አካፍሉት፣ 24 ደቂቃ ይሆናል። ፊሽካና ሰዓት ያዙ። 7ኛው ደቂቃ ላይ ግብፅ ታገባለች (የእውነቱ 35ኛው፣ ባዳዊ)። ከዛ ረጅም ጭንቀት ነው፣ ኢትዮጵያ ሚሆኑት ልጆች ይሞክሩ ግን አያግቡ፣ ይሄን ጭንቀት አታሳጥሩት። 15ኛው ላይ ግርማ ተክሌ አቻ ያደርጋል (74ኛው)፣ ልጆቹ ተቃቅፈው ሳይለያዩ፣ እዛው ሲጨፍሩ፣ ባዳዊ ይደግማል፣ 75ኛው ደቂቃ ላይ። የምር አንድ ደቂቃ ነው በመሃል ያለው። እዚህ ጋ ቆም አድርጓቸውና "አሁን ምን ይሰማችኋል?" በሏቸው። የእኔዎቹ አንዱ "ቤቴ መሄድ" አለ።

ቀጥሎ 17ኛው ላይ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ አምበሉ፣ አቻ ያደርጋል (84ኛው)። ጭማሪ ሰዓት። 20ኛው ላይ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ (101ኛው)፣ መጀመሪያ ጊዜ የመራነው ያኔ ነው። 23ኛው ላይ መንግስቱ ወርቁ ይዘጋዋል (117ኛው)። 4 ለ 2። ዋንጫውን ጃንሆይ ለሉቺያኖ ሰጡት፣ ለዚህ ደግሞ አንድ ልጅ ጋቢ ታለብሳላችሁ።

ሁለት ምክር አለኝ። አንዱ፣ ሁሉም መንግስቱን መሆን ይፈልጋል፣ ግብፅን ግን ማንም አይፈልግም፣ እኛ ዕጣ ነው ያወጣነው፣ ባዳዊ ሆኖ ዕጣ የወጣበት ልጅ አኩርፎ ሁለት ጎል በንዴት አገባ እና እንደዛ አግብቶ አያውቅም። ሁለተኛው፣ አንዱን ልጅ ይድነቃቸው አድርጋችሁ ከመስመር ውጪ አቁሙት፣ እና ምንም እንዳያደርግ ሳይሆን በየጎሉ መሃል አንድ አንድ ነገር ለቡድኑ እንዲናገር አድርጉ። ምን እንዳለ የተመዘገበ ቃል አትፍጠሩለት፣ ልጁ የራሱን ይናገር። ሁለት ጊዜ ተመርቶ ላልተሸነፈ ቡድን አሰልጣኝ ምን ይላል ሚለውን ልጁ ራሱ ሲያስበው ነው የአሰልጣኝነት ስራ ሚገባው። የእኛው የ11 ዓመት ይድነቃቸው "አትቸኩሉ፣ ኳሷን ለመንግስቱ ስጡት" ነበር ያለው። ከእኔ ይሻላል ልበል?

ጊዜው ካላችሁ ጥር 13 አድርጉት፣ በሚካኤል ማግስት ልጆቹ ከነጭ ልብሳቸው ሳይወጡ፣ ሰውም እረፍት ላይ ነው፣ ተመልካች አታጡም።

አሁን ጋሼ ጋ ሂዱ

ስልክ ደውላችሁ "ኢንተርቪው" አትበሉ። ኢንተርቪው ሲባል ትልቅ ሰው ኮቱን ይለብስና ሰላምታ ማቅረብ ይጀምራል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቡና ሊፈላ ሲል፣ ግማሽ ኪሎ ቡናና ስኳር ይዛችሁ ሂዱ። ሁለት ልጅ ይበቃል፣ አስር ልጅ ይዛችሁ ከገባችሁ ቤት አይበቃም፣ ወሬም አይወጣም። ስልክ ስትቀዱ አስፈቅዱ፣ ጠረጴዛ ላይ ሲኒ አጠገብ አታስቀምጡት፣ ሲኒው ሲነሳ ሲቀመጥ ኳ ኳ ይልና ምንም አይሰማም፣ እኔ የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ሙሉ በዚህ አጥቼዋለሁ። ትራስ ላይ አድርጉት፣ ኤርፕሌን ሞድ፣ እና ቤት እንደገባችሁ የዛኑ ማታ ሌላ ቦታ ገልብጡት።

አጠያየቅ ላይ፦ "ያኔ እንዴት ነበር?" አትበሉ፣ "አይ ያኔማ ፍቅር ነበር" ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። እቃ ጠይቁ። ኳሷ ከየት መጣች? ማን ጋ ታድር ነበር? ስትቀደድ ማን ሰፋት? ጫማ ስንት ልጅ ነበረው? አዲስ አበባ ዘመድ ለመጠየቅ የሄደ ልጅ ቦታው ማን ገባ? ጋሼ ስለ ኳሷ ሲጠየቁ ነው ጫማ ሰፊውን ያስታወሱት፣ ከጫማ ሰፊው ግብ ጠባቂው፣ ከግብ ጠባቂው ባህር ዳር ሄደው የተሸነፉት ጨዋታ፣ እንደ ክር ነው ሚመዘዘው። ስለ ድል ሳይሆን ስለ ሽንፈት ጠይቁ፣ ስለ ሽንፈት ሰው ዝርዝር ያስታውሳል። ይድነቃቸውም ላይ እኮ ሁለቱ 4 ለ 0 ባይኖሩ 4 ለ 2ዋ ግማሽ ጣዕሟ ነበር ሚቀራት።

ደግሞ ስማቸውን ጠርታችሁ ሰዎችን ስትጠይቁ ዝም ሊሉ ይችላሉ። ጎንደር ነው ያላችሁት፣ በ69 እና 70 አካባቢ የነበረው ነገር ብዙ ቡድን ውስጥ ክፍት ቦታ ጥሎ ሄዷል። ጋሼ የአንድ የመስመር ተጨዋች ስም ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ልጁ "ከዛስ?" ሊል ሲል ጉልበቱን ያዝኩት። ቀረፃውን አጥፉ፣ ቡናውን ጠጡ። ራሳቸው ከፈለጉ ይመለሱበታል፣ ካልፈለጉ ያ ስም ፅሁፋችሁ ውስጥ አይገባም፣ ቤተሰብ አለ።

እና እባካችሁ ሚስቶቹን ጠይቁ። ይሄን ማንም አልነገረኝም፣ በአጋጣሚ ነው ያወቅኩት። ጋሼ ስለ ማልያ ሲያወሩ "ብሔራዊ ቡድን ይመስል ነበር" ይላሉ፣ ከጓዳ እትዬ ብቅ ብለው "አንተ አጥበኸው ታውቃለህ?" አሉ። ከዛ ተቀመጡና ታሪኩን ሁሉ ተረከቡት። ቀሃ ወንዝ ወርደው በእጃቸው ያጥቡት እንደነበር፣ ቀለሙ ለቆ የቤት አንሶላ እንዳበላሸ፣ ተጨዋቾቹ ከጨዋታ በፊት እዚህ ቤት ሽሮ በልተው እንደሚሄዱ። ጋሼ ሃያ ዓመት አሰለጠኑ ስንል ግማሹ ስራ እዚህ ጓዳ ነበር ሚሰራው።

ፎቶና ጋዜጣ

ፎቶ ይዛችሁ አትሂዱ፣ እዛው ቤታቸው በር ላይ ብርሃን አጠገብ በስልክ አንሱት፣ ፍላሽ አጥፍታችሁ። "ነገ እመልሳለሁ" ብሎ የወሰደ ሰው ሁሉ አልመለሰም፣ ጋሼ ጋ ከነበሩት ፎቶዎች ግማሹ የሄደው እንደዛ ነው። የፎቶውን ጀርባ ጭምር አንሱ፣ ጀርባው ላይ ነው ቀን ሚኖረው። በቴሌግራም ስትላላኩ ፎቶ አድርጋችሁ ሳይሆን ፋይል አድርጋችሁ ላኩ፣ አለበለዚያ ጥራቱ ይወርዳል፣ ፊት ለይታችሁ ማየት አትችሉም። ከዛ ማን ማን እንደሆነ ከግራ ወደ ቀኝ እያስነገራችሁ ቅዱ፣ ይሄን ዛሬ ነው ማድረግ፣ ለፋሲካ ብላችሁ አታሳድሩት።

ለይድነቃቸው ግን ጋዜጣ አለ። አዲስ ዘመን ከ1933 ጀምሮ እየታተመ ነው፣ አዲስ አበባ ሚሄድ ዘመድ ካላችሁ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መፃህፍቱ) ገብቶ የጥር 1954ን ጥራዝ ይጠይቅላችሁ፣ ጨዋታው እሁድ ስለነበር ቀጥለው ያሉትን ቀናት ነው ማየት። ስሙን ስትፈልጉ ደግሞ በአንድ አፃፃፍ አትቁሙ፣ ተሰማ በእሳቱ ሰ አለ፣ በንጉሡ ሠ አለ፣ በላቲን ፊደል ደግሞ ከአምስት በላይ አይነት ነው፣ አንዱን ብቻ ከፈለጋችሁ ግማሹን ታጣላችሁ። እና ሁለት የተለያየ ቦታ ያላገኛችሁትን ነገር እንደ እውነት አታስቀምጡ፣ ፌስቡክ ላይ አስር ሰው የለጠፈው አንድ ቦታ ማለት ነው፣ ሁሉም ከአንዱ ነው የገለበጠው።

ፅሁፉ ምን ይዞ ይውጣ

ሲፃፍ በዘመን ቅደም ተከተል አትጀምሩ፣ "በ1914 ተወለደ" ብሎ ሚጀምር ነገር ልጅ አያነብም። እኛ የይድነቃቸውን ከ75ኛው ደቂቃ ጀመርን፣ ሁለተኛ ጊዜ ስንመራ፣ ከዛ ወደ ኋላ ሄድን።

የአሰልጣኝ ውርስ ምንድነው ሚለው ላይ ደግሞ ሰው ዋንጫ ይቆጥራል። እኔ ምለው ሰው ቁጠሩ። መንግስቱ ወርቁን ተመልከቱ፣ ያቺን አራተኛዋን ጎል ያገባው ልጅ በኋላ ራሱ አሰልጣኝ ሆኖ ኢትዮጵያን ሊቢያ ወደተደረገው የ1982ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ይዞ ገባ፣ በፈረንጅ ነው ምላችሁ። ከዛ በኋላ 31 ዓመት ዝም። ጥቅምት 4 ቀን 2005 አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0፣ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ፣ አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው፣ እና ዋልያዎቹ ተመልሰው የገቡበት ዋንጫ ሚደረገው የት ነበር? ደቡብ አፍሪካ። ይድነቃቸው ዘረኝነቷን እስክትተው አትገባም ብሎ የታገላት ሀገር። ይሄን ስነግራቸው ያ "ለፋሲል ነው?" ያለኝ ልጅ ነው "አይተውት ቢሆን" ያለው።

ለጋሼ ደግሞ ዝርዝር ሰራን፣ እሳቸው ካሰለጠኗቸው ውስጥ ዛሬ ማን ልጅ ያሰለጥናል? አራት ሰው ተገኘ፣ አንዱ የእኔ አሰልጣኝ የነበረው ነው። እኔም እንግዲህ የእሳቸው የልጅ ልጅ ነኝ ማለት ነው፣ ለስንት ዓመት በዛ ድንጋይ አጠገብ ሳልፍ ሰላም ብያቸው ብቻ ነው ማልፈው።

በነገራችን ላይ ሩቅ ዘመን ብቻ አይደለም ሚጠፋው። ፋሲል ከነማ በ2013 ሊጉን ሲያነሳ ጎንደር ስትቀውጥ እነዚህ ልጆች ትከሻ ላይ ተቀምጠው ጨፍረዋል፣ አሰልጣኙ ማን ነበር ስላቸው ከሃያው ሶስቱ ናቸው ስዩም ከበደ ያሉት። ጎል ያገባውን ግን ሁሉም ያውቃል።

ሲያልቅ ለባለቤቱ ሳታነቡለት እንዳታወጡ። እኛ ለጋሼ ቤታቸው ሄደን ሁለቱ ልጆች ተራ በተራ አነበቡላቸው፣ አስራ አንድ ገፅ ናት። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፣ አንድ ስም አስተካከሉ፣ አንድ ጨዋታ ጎንደር ሳይሆን ደብረ ታቦር ነበር አሉ። "እትዬ 14 ማልያ ቀሃ ወርደው ያጥቡ ነበር" ሚለው ጋ ሲደርስ እትዬ ከጓዳ ሆነው "13 ነው!" አሉ፣ "14ኛዋ ከገመድ ላይ ተሰርቃለች፣ ለበረኛው የጋሼህን ሹራብ ነው ምሰጠው የነበረው።" ልጁ እስክሪብቶ አወጣና 13 ብሎ አረመው፣ ሹራቡንም ጨመረበት። ከዛ ሶስት ኮፒ አሳተምን፣ አንዱ እሳቸው ጋ፣ አንዱ ትምህርት ቤት፣ አንዱ ከኮኖቹ ጋር ማዳበሪያው ውስጥ በፌስታል ተጠቅልሎ።